በማናለብሽ ቀርቀሃ ሥር የሞቱት ወፎች

ማናለብሽ ሰው አታምንም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ላሳንሳት ብዬ ሳይሆን፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ፣ ደጉም ክፉውም፣ ከዚሁ ጠባይዋ ስለሚነሣ ነው። መኖሪያዋ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ባሏ በ1998 ዓ.ም. ሲሞት የአርባ ዓመት ሴት ነበረች። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ አንዷ ወደ ዳንግላ፣ አንዷ ወደ አዲስ ቅዳም ተድረው ሄደው ስለ ነበር፣ ከገብስ ማሳዋ፣ ከድንች መደቧና ከሁለት ላሞቿ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ባል የሌላት ሴት መሬቷን ልትነጠቅ እንደምትችል ታውቅ ነበር፤ ይህን ማወቋ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ልኩን አለማወቋ ነው። ወፍጮ ቤት ስትሄድ የመጨረሻው ብናኝ እስኪወርድ ከዱቄቱ መውረጃ ሥር አትነሣም። ገበያ ላይ ድንች ስትሸጥ የገዢውን እጅ እንጂ ፊቱን አታይም። ጎረቤት «ምን አደርሽ» ሲላት «ደኅና» ከማለቷ በፊት ለምን እንደ ጠየቃት ታስባለች።

ከሁሉ ይልቅ የምትጠረጥረው ድንበርተኛዋን ሀብቱን ነበር። ሀብቱ ሁለት ጥሩ በሬዎች ያሉት፣ ቀልድ የሚወድ፣ እጀ ፈጣን ገበሬ ነው። ባሏ በሞተ በዓመቱ የድንበሩን ድንጋይ አንድ ክንድ ያህል ወደ እርሷ ገፍቶታል ብላ ታምናለች። በዓይኗ አላየችም፤ ለማንም አልተናገረችም፤ ግን አልረሳችም። ባሏ በድንበሩ ላይ የተከለውን ቀርቀሃ ከዚያ ወዲህ መቁረጥ ተወች። ቀርቀሃው ወፈረ፤ ከሥሩ ቀጋና አጋም በቀለበት፤ ሐረግ ተጠማጠመበት፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ውሻ ካልሆነ በቀር ሰው ጎንበስ ብሎ የማይገባበት ጥሻ ሆነ። ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሀብቱ ጓሮዋን እንዳያይ። ለወፍ ብላ አልነበረም፤ እንዲያ ያለ ደግነት እንዲቆጠርላት የሚፈልግ ሰው ካለ እውነቱ ይህ ነው።

በዚያው ዘመን በአካባቢው ያለው ሰው ሁሉ ወደ ዲከረንስ ዞሮ ነበር። ዲከረንስ በአራት በአምስት ዓመት ደርሶ ከሰል የሚሆን ዛፍ ነው፤ ከአዲስ ቅዳም በየቀኑ በመኪና ተጭኖ ይወጣል። ብዙ የሣር ቤት በቆርቆሮ የተተካው በዚህ ዛፍ ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ለእርሱ ቦታ ለማስለቀቅ የየድንበሩ ቁጥቋጦ ተመነጠረ፤ አጋሙ ተነቀለ፤ አሮጌው ኮሶ ወደቀ። በዚያ ተዳፋት ላይ ጥሻ የሚባል ነገር የቀረው በማናለብሽ ድንበር ላይ ብቻ ሆነ። ማንም ልብ አላለውም።

የ2006 ዓ.ም. ክረምት ከሰኔ ጀምሮ ፊቱ ጥቁር ነበር። በነሐሴ አጋማሽ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰው አይቶት የማያውቅ በረዶ ወረደ። ያልሸተው ገብስ ምንጣፍ መስሎ ተኛ፤ ኋላ ከሥሩ ባያቆጠቁጥ ኖሮ የዚያ ዓመት እህል አልቆ ነበር። በረዶው በየሸለቆው ጥላ ሦስት ቀን ሳይሟሟ ቆየ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ፀሐይ አልወጣም፤ ቀን ቀዝቃዛ ዝናብ፣ ሌሊት ቁር። ከብቶች በየበረቱ ተንቀጠቀጡ፤ ሰው ከምድጃ አልራቀም።

ወፍ ምድጃ የለውም። ቢሆንም ወፍን የሚገድለው ከብርዱ ይልቅ ጾሙ ነው። ትንሽ አካል ሙቀቱን ቶሎ ይጥላል፤ ሌሊት ያጣውን ጎሕ ሲቀድ በሚለቅመው ፍሬ ካልተካ ሌላ ሌሊት አያልፍም። ላባው ከራሰ፣ የሣሩ ዘር በጭቃና በበረዶ ሥር ከተቀበረ፣ መጀመሪያ ድንቢጦቹ ይሞታሉ፤ ቀጥሎ ርግብ የሚመስሉት ዋኔዎች፤ ቆቅ ሰውነቷ ጠንካራ ነውና ወደ መጨረሻው ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ከየማሳው የተባረረ ወፍ ሁሉ መጠጊያ ብሎ የገባው ወደ አንድ ቦታ ነበር፤ ሌላ የሚገባበት አልነበረውምና። የሞተውም የሞተው እዚያው ተጠልሎ ሳለ ነው።

ማናለብሽ ሬሳቸውን ከቀርቀሃው ሥር ያገኘችው በአምስተኛው ጠዋት ነበር። ሰባት ቆቅ፣ ዐሥራ አንድ ዋኔ፤ ድንቢጦቹን አልቆጠረቻቸውም። አንዲቱን ቆቅ አንሥታ ደረቷን ዳሰሰች፤ አጥንቱ እንደ ቢላዋ ጀርባ ነበር። ከጉሮሮዋ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት በሁለት ጣቷ ጨመቀችው፤ ባዶ ነው። የገበሬ ልጅ ናትና የተራበ እንስሳ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ጉዳዩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር።

ነገር ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። በግንቦት ወር ከአዘና ገበያ የአይጥ መድኃኒት ገዝታ፣ በገብስ ዱቄት ለውሳ፣ በዘር ድንቿ ማከማቻ ዙሪያ በትና ነበር። ማከማቻው ከቀርቀሃው አጠገብ ነው። በረዶው በወረደ ዕለት ጎርፍ ገብቶ ወለሉን ጠርጎት ሄዷል። ዱቄቱ የት እንደ ደረሰ አታውቅም። የአንዲቱ ቆቅ ከረጢት ባዶ ነው፤ የሌሎቹስ? ልትመረምራቸው ተቀመጠች፤ ከድንበሩ ማዶ የሀብቱን ሳል ሰማች፤ ተነሣች። ሰው እንዳያይ ብላ፣ ዝናብ እየወረደባት፣ ወፎቹን በሙሉ ከቀርቀሃው ሥር ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረቻቸው።

ያን ቀን ጎረቤቶቿን ጠርታ «ኑ፣ እዩ» ብትል ኖሮ ይህ ታሪክ አይጻፍም ነበር።

የሀብቱ ውሻ ጉድጓዱን ቆፈረው። ሁለት ዋኔ በአፉ ይዞ በሰፈሩ መካከል ሲያልፍ ብዙ ሰው አየው። በሁለተኛው ቀን ውሻው በሀብቱ ደጃፍ አፉ አረፋ ደፍቆ ሞቶ ተገኘ፤ ሀብቱም ዱካውን ተከትሎ ከማናለብሽ ቀርቀሃ ሥር የተከፈተውን ጉድጓድ አገኘ።

ወሬው ከዚያ ጠዋት እስከ ማታ ተዳፋቱን አዳረሰ። ማናለብሽ መርዝ በትናለች፤ ወፎቹ አልቀዋል፤ ውሻ ሞቷል፤ ነገ ከብት፣ ከነገ ወዲያ ልጅ። ፍርሃቱ ከንቱ ነበር ለማለት አልችልም፤ የሰፈሩ ምንጭ የሚፈልቀው ከቀርቀሃው በታች ነው። መስከረም ገብቶ መስቀል ሳይደርስ ሽማግሌው አድማሴ አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ በዚያ አገር የታወቀ ሥርዓት ነው፤ በስውር የተሠራ በደል ሲኖር የሰፈሩ አባወራና እማወራ ሁሉ በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ያወቀ ይናገራል፤ ያላወቀ ይምላል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ቄሱ መሐላ ስለማይወዱ ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ውጭ፣ ከጥዱ ሥር ሆነ።

«ማን ነው ወፍ የሚቀብር?» አለ ሀብቱ ገና ሰው ተቀምጦ ሳይጨርስ። «እኔ ዶሮ ሲሞትብኝ ገደል እሰደዋለሁ። ለዋኔ መቃብር የምታስቆፍር ሴት ካለች ተዝካሩንም ታብላን እንጂ።»

ሰው ሳቀ። ከማናለብሽ በታች የምትኖረው እህተማርያም ግን አልሳቀችም። «ሳቁ እናንተ» አለች። «ላሞቼ የሚጠጡት ከሷ ቀርቀሃ ሥር ነው። ሆዳቸው በተነፋ ቁጥር እኔ ነኝ ሌሊቱን ቆሜ የማድር።»

አድማሴ በዘንጋቸው መሬቱን መቱ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቃላቸው አጭር፣ በዚያ ተዳፋት ላይ የሚከበሩ ሰው ናቸው። «መሐላው ይኸ ነው» አሉ። «መርዝ በቤቴም በማሳዬም አላኖርሁም፤ ያኖረም አላውቅም፤ ዋሽቼ እንደሆነ እንደ ጨው ያሟሟኝ። ከኔ ይጀመር።» ማሉ። ሀብቱ ማለ። እህተማርያም ማለች። ሠላሳ ስድስት ሰው በተራ እየተነሣ እጁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘርግቶ ማለ፤ አንዳንዱ ቀበቶውን እያጠበቀ፣ አንዳንዱ የጎረቤቱን ልጅ እየተቆጣ። ሠላሳ ሰባተኛዋ ማናለብሽ ነበረች።

«አልምልም» አለች።

«መርዝ አኑረሻል?» አሉ አድማሴ።

«ወፍ አልገደልሁም።»

«እንግዲያ ማይ።»

«አልምልም አልኩ፣ አያ አድማሴ።»

«ምክንያትሽን ንገሪን።»

«በቤቴም» የሚለው ቃል ነበር አፏን የያዘው። በቤቷ ነበረ። የአይጥ መድኃኒት ነው ብትል ሀብቱ ቃሏን ገመድ አድርጎ በአንገቷ ላይ እንደሚያጠብቀው ታያት። ሐሰት መማል አልቻለችም፤ ይህ በጎ ነው። እውነቱን መናገርም አልደፈረችም፤ ይህ በጎ አይደለም። በሁለቱ መካከል ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አመሸች።

«በይ እንግዲህ» አሉ አድማሴ ፀሐይ ስትጠልቅ። «እስክትምዪ ወይም ምክንያትሽን እስክትናገሪ ድረስ ወንፈል አይገባልሽም፤ አንቺም ወንፈል አትገቢም።»

ወንፈል ማለት ለዚያ አገር ገበሬ ግማሽ ሕይወቱ ነው፤ ዛሬ የአንዱን ማሳ በጋራ ያርሱና ያጭዳሉ፣ ነገ የሌላውን። ማናለብሽ በሬ የላትም። ለሰው አጭዳ፣ ለሰው አርማ፣ በምላሹ ነበር የምታሳርሰው። ሰላምታ አልተከለከለችም፤ ሰላምታው ግን አጠረ። እማወራዎቹ ውኃ ሲቀዱ ከቀርቀሃው ሥር ያለውን ምንጭ ትተው ወደ ታችኛው ወረዱ፤ እርሷ ስትመጣ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዳሉ።

ኅዳር 2007 ገብሷ ሲደርስ ብቻዋን በማጭድ ገባችበት። የአዲስ ቅዳሟ ልጇ ሦስት ቀን ረድታት ተመለሰች። ከማሳው ግማሽ ያህሉ ሳይታጨድ ዘለላው ረገፈ። በበጋው የሚያርስላት ስላልነበረ በተከታዩ ዓመት የላይኛው ማሳ ሳይዘራ አደረ፤ አረም ወረሰው። ድንቹን በዶማ ቆፍራ ተከለች። ስትቆፍር ያያት መንገደኛ ወገቧን ይዛ ቀጥ ስትል ዙሪያዋን እንደምታይ፣ ማን እያያት እንደሆነ እንደምትመረምር ያስተውላል።

በ2007 ተዳፋቱ ዝም አለ። በጠዋት ቆቅ አትጮህም፤ በዲከረንሱ ውስጥ ድንቢጥ አይንጫጫም። በሐይቁ ዳር ካለው ደን አልፎ አልፎ የዋኔ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ወደ ላይ ግን አይመጣም። ሰው ይህንንም በማናለብሽ ላይ ቆጠረባት።

ከቀርቀሃው ውስጥ ግን፣ በዚያው ኅዳር መጨረሻ፣ አንድ ወንድ ቆቅ ጮኸ። መልስ አላገኘም። በማግሥቱም ጮኸ። ማናለብሽ ሰማችው፤ ያሳሰባትም ድምፁ ሰው ወደ ጥሻዋ እንዳይጠራ ብቻ ነበር። በሰባተኛው ቀን ግድም ከረገፈው ገብስ መካከል ሌላ ድምፅ መለሰለት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለምርምር የሚበቃ ነገር ነው፤ የመረመረው ግን አልነበረም። ሳይታጨድ የረገፈው ገብስና ባልታረሰው ማሳ የበቀለው የአረም ዘር ለተረፉት ወፎች ቀለብ ሆናቸው። ሰፈሩ ማናለብሽን የቀጣበት ቅጣት ወፎቹን መገባቸው። ቆቅ በአንድ ጊዜ ስድስት ሰባት እንቁላል ትጥላለችና ቶሎ ትተካለች፤ በ2008 ስድስት ጫጩት ከቀርቀሃው ወጥቶ ሁለቱን ጭልፊት ወሰዳቸው። በ2009 ሦስት መንጋ ሆኑ። ድንቢጦቹ በአንድ ዓመት ሞሉ። ዋኔ ሁለት እንቁላል ብቻ ስለምትጥል ዘገየች፤ ከሐይቁ ደን ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ተመለሱ። ግንደ ቆርቁር ግን አልተመለሰም፤ የሚፈለፍለው አሮጌ ኮሶ ወድቋልና። ክረምት የገደለውን ዓመታት ይተኩታል፤ መጥረቢያ የገደለውን አይተኩትም።

ሰው ግን እንደ ቆቅ አይተካም። በ2009 ኅዳር ማናለብሽ ጉልበቷ ከድቷት ነበር። ሦስተኛው ገብስ ማሳ ላይ እየረገፈ ሳለ ሀብቱ ወደ ድንበሩ መጣ።

«እታለም፣ እህልሽ አለቀ እኮ» አላት። «እኔና ልጆቼ አራት ቀን እንግባልሽ። አጭደን፣ ወቅተን፣ ጎተራሽ ደጃፍ።»

«ወንፈል ተከልክያለሁ።»

«ወንፈል ማን አለ? ልዋጭ ነው። እኔ ጉልበት እሰጥሻለሁ፣ አንቺ ቀርቀሃውን። ከጥምቀት በኋላ መንጥሬ ዲከረንስ እተክልበታለሁ።»

«ዲከረንስ የምትተክልበት መሬት አጣህ?»

«ያንቺን ጥሻ ማየት ሰልችቶኝ ነው። ሦስት ዓመት ከዚያ ውስጥ ምን እንደምታደርጊ ሳስብ እንቅልፍ የለኝም።»

«እኔም ያንተን ሳስብ» አለች።

ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ነፋስ ተነሣና የገብሱን ዘለላ ሲያረግፈው ስታይ እሺ አለች። ሀብቱ አራት ቀን ሠራ፤ ሥራውን በቅጡ እንደ ሠራ ይመስከርለት። ማናለብሽ ግን ነዶ በተሸከመ ቁጥር ከኋላው ትሄድ ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠዋት አድማሴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በማናለብሽ ማሳ አጠገብ አለፉ። ቆቅ ጮኸች። ሽማግሌው ቆሙ። ሌላ መለሰች፤ ከወዲያ ማዶ ሌላ። ወደ ቀርቀሃው ተጠጉ። ጫጩቶቹን ያስከተለች ቆቅ ከጥሻው ወጥታ በምንጩ ዳር አልፋ ወደ ማሳው ገባች፤ ከኋላዋ ሌላ መንጋ ተከተለ። ዋኔዎች ከቀርቀሃው ጫፍ ተነሡ። አድማሴ ቅዳሴው እንዳያልፋቸው የሚሳቀቁ ሰው ናቸው፤ በዚያን ዕለት ግን ቆመው ቀሩ።

ማናለብሽ ከጓሮዋ ወጣች። «ምን ፈለጉ?»

«ይኸ ሁሉ ቆቅ ከየት መጣ?»

«ከየትም አልመጣም። እዚሁ ነበር።»

«ከምንጩ ይጠጣል?»

«ታዲያ ከየት ይጠጣ?»

አድማሴ በዘንጋቸው ወደ ሰፈሩ አመለከቱ። «ሰፈሩን ሁሉ አለፍሁ፤ ከዚህ ሌላ አንድ ቆቅ አልሰማሁም» አሉ። «መርዝ ያለው እዚህ ከሆነ ሬሳው እዚህ፣ ሕያው ወዲያ መሆን ነበረበት።»

«ይድረሱላቸው» አለች። «ሰኞ ይመነጠራል።» የሀብቱንም ልዋጭ ነገረቻቸው።

በማግሥቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አውጫጭኙ ዳግመኛ ከጥዱ ሥር ተቀመጠ። አድማሴ ያዩትን ተናገሩ። ሰው ተያየ። ሀብቱ «ቆቅማ የትም ይፈለፈላል» ብሎ አጉረመረመ።

«በኔ አሳብ ፈርደንባታል፤ ያለ ልክ ፈርደንባታል» አሉ አድማሴ። «አሁን ለወጉ ያህል ትማልና ወንፈሉ ይመለስላት። ነይ ማናለብሽ፣ መሐላውን ታውቂዋለሽ።»

ተነሣች። ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነጠላውን ማስተካከል ጀምሮ ነበር።

«አልምልም» አለች።

«ልጄ፣ አትድከሚ» አሉ አድማሴ። «ሰኞ መጥረቢያው ይመጣብሻል። አንድ ቃል ናት።»

«አንዷን ቃል ነው የማልላት። ‹በቤቴ አላኖርሁም› አልልም። ነበረ። የአይጥ መድኃኒት ከአዘና ገዝቼ በድንቹ ዙሪያ በትኜዋለሁ፤ በረዶው ዕለት ጎርፍ ወሰደው። ወፎቹን በራብ ሞተው አግኝቻቸዋለሁ፤ ያየሁት አንዲቱን ነው፤ ሌሎቹን አላየሁም። ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ዛሬም አላወቅሁትም።»

ሀብቱ ብድግ አለ። «ይኸው ወጣ። ሦስት ዓመት ውሻዬን በላች ስል እብድ አላችሁኝ። በአፏ ተናገረች፣ መርዝ ነበራት።»

እህተማርያም ግራ የገባት ትመስል ነበር። «የአይጡን ነው የምትለው?» አለች ወደ ጎን ዞራ። «የአይጡማ የኛም ቤት አለ። ልጅ እንዳይነካው ከምሰሶው ላይ ሰቅዬዋለሁ።»

«የኛ ከአልጋው ሥር ነው» አለ አንዱ፣ ከመናገሩ በፊት ሳያስብ።

«እኛ በጣሳ ከድነን ነው» አለች ሌላዋ።

እያንዳንዱ የራሱን ቤት በልቡ እየዞረ፣ መድኃኒቱ የት እንዳለ እያስታወሰ፣ ቀጥሎም በመጀመሪያው አውጫጭኝ እዚያው ቦታ ላይ እጁን ዘርግቶ ምን እንዳለ እያስታወሰ መሆኑ ከፊቱ ይነበብ ነበር። ድንች የሚያከማች ሰው ሁሉ ያን ብናኝ ከአዘና ገበያ ይገዛል። ማንም መርዝ ብሎት አያውቅም፤ መድኃኒት ነው ስሙ። ሠላሳ ስድስቱም ሳይዋሹ የማሉ መስሏቸው ነበር፤ የሚናገሩትን ቃል መርምረው አያውቁምና። ይህ ከማወቅ ያልመጣ ሐሰት ነው ብሎ የሚያቃልል ይኖራል። እኔ አላቃልለውም። መሐላን እንደ ሰላምታ የሚያወጣ አፍ፣ ሰውንም እንደዚሁ ይፈርድበታል።

«ሀብቱ» አሉ አድማሴ። «ያንተን ድንች አይጥ አይበላውም?»

ሀብቱ ፊቱን ወደ ጥዱ አዞረ።

«ውሻህስ አይጥ አይበላም ነበር?» አለች እህተማርያም።

«ውሻ ነው፤ ያገኘውን ይበላል» አለ ሀብቱ ቀስ ብሎ፣ ተቀመጠም። ውሻው በምን እንደ ሞተ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ፈጥሬ አልናገርም።

አድማሴ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «የኔም ቤት አለ» አሉ። «ያን ጊዜም ነበረ። መጀመሪያ የማልሁት እኔ ነኝ።» ሰዉን ከዳር እስከ ዳር አዩ። «እንግዲህ የማለውም ያልማለውም አንድ ነው።»

«አንድ አይደለም፣ አያ አድማሴ» አለች ማናለብሽ። «እናንተ ምላችኋል።»

ይህን የተናገረችው በትሕትና አልነበረም። ሦስት ዓመት ያቆየችውን ነገር ነው ያወጣችው፤ ከአፏ ሲወጣም ማንም ይቅርታ እንዲጠይቃት ቦታ አልተወም።

ወንፈሉ ተመለሰላት። ሀብቱ ግን እንደገና ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሳይቀልድ። «ቃል አለን» አለ። «አራት ቀን ሠርቻለሁ። ቀርቀሃው የኔ ነው። ይኸን ማንም ሐሰት አይለኝም።»

«ሐሰት አይደለም» አለች ማናለብሽ። «ሠርተሃል።»

አድማሴ ነገሩን አገላበጡት። «ልዋጭ ያደረገችው ወንፈል ስለ ከለከልናት ነው» አሉ በመጨረሻ። «የከለከልናት ደግሞ በማይሆን መሐላ ነው። ክልከላው ከፈረሰ ያ ሥራ ወንፈል ነው፤ ወንፈል በወንፈል ይመለሳል። አራት ቀን ስለ አራት ቀን።»

«ከየቤቱ ሰው እንላክ» አለች እህተማርያም። «እኛ ነን ያደረስናት።»

«የማንንም እጅ አልፈልግም» አለች ማናለብሽ። «ሰኞ ራሴ እመጣለሁ።»

ሀብቱ ከላይ እስከ ታች አያት። «ዲከረንስ ልትከረክሚ ነው? በዚህ ወገብ?»

«ወገቡ የኔ ነው።»

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ በሀብቱ ማሳ ላይ ተገኘች። ሀብቱ ዛፉን ይጥላል፤ እርሷ ቅርንጫፉን በገጀራ እየመለመለች ለከሰሉ ትደረድራለች። በመጀመሪያው ቀን አልተነጋገሩም። ቶሎ ለመጨረስ አልሮጠችም፤ ለማሳነስም አልዘገየችም። ቀትር ላይ የሀብቱ ሚስት ምግብ ይዛ ስትመጣ ማናለብሽ ራቅ ብላ ተቀመጠችና ከቤቷ ያመጣችውን ዳቦ ከጨርቅ ፈታች። በሁለተኛው ቀን እንዲሁ፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። የሀብቱ ሚስት ተቀይማ ምግቡን ይዛ ተመለሰች።

በአራተኛው ቀን ሀብቱ መጥረቢያውን አጋድሞ ወደ እርሷ መጣ።

«ሦስት ቀን የሚስቴን እጅ አዋረድሽ» አለ። «እንጀራዬን ትፈሪዋለሽ?»

«አንተን አልፈራም» አለች ዳቦዋን እየቆረሰች። «የአይጥ መድኃኒትህን የት እንደምታስቀምጠው ስለማላውቅ ነው።»

ሀብቱ የሚመልሰው ቀልድ ነበረው፤ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ሳይናገረው ወደ ቤቱ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ ተመለሰና እንድታየው በፊቷ ዘረጋው።

«ከሊጡ ቡሃቃ በላይ ካለው መደርደሪያ ነው» አለ።

ማናለብሽ ጥቅሉን አየችው። «ከሊጡ በላይ» አለች። «ከዚያ አውርደህ ከውጭ ስቀለው።»

«እሰቅለዋለሁ።»

«ስትሰቅል ልየው።»

ተነሥታ ተከተለችው። ከበረቱ ጣሪያ ሥር፣ ልጅም ዶሮም በማይደርስበት ምሰሶ ላይ፣ በሽቦ ሲያስር ቆማ አየችው፤ ቋጠሮውንም በእጇ ሳብ አድርጋ ፈተነችው። ከዚያ ወደ ማሳው ተመልሰው የቀረውን ዛፍ እስከ ማታ መለመሉ። ምግቡን ግን በዚያ ቀንም አልበላችም።